ቀይ ገደል ላይ የጮኸው ክላክስ

ግሩም ሰይፈ ሚካኤል ሞቶ የተገኘው እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐርላ በሚያወጣው ደረቅ ሸለቆ ውስጥ፣ የአካባቢው ሰው ቀይ ገደል ከሚለው ጠባብ መታጠፊያ ሥር፣ ባለ አራት ጎማ ሞተሩ ከወገቡ በታች ተጭኖት፣ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ያገኙት የጠፋች ፍየል ፍለጋ የወረዱ አዴ ዲሪዬ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ፊቱን በሻሻቸው ሸፈኑና አስፋልቱ ድረስ በእግራቸው ወጥተው መኪና አስቆሙ።

ዋና ኢንስፔክተር በለጠች ሣህሉ ስትደርስ ድንጋዩ ገና ያቃጥል ነበር። በለጠች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ከዚራ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ሃምሳን የተጠጋች፣ አንድ ጉልበቷ አልታጠፍ የሚላት ሴት። ገደሉን በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወረደችው። የሚስቅ ካለ ብላ ወደ ፖሊሶቹ ዞር አለች፤ የሳቀ አልነበረም።

«አደጋ ነው ኢንስፔክተር» አላት ሳጅን ዒብራሂም። «ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ከመንገዱ ወጣበት። ምልክቱ እላይ በግልጽ ይታያል።»

«መውደቁ አደጋ ነው» አለች ሬሳው አጠገብ እየተቀመጠች። «አሟሟቱን ግን ገና አላወቅንም።»

ሄልሜቱ ስንጥቅ እንኳ አልነበረበትም። ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ከሥሩ ታጥፏል። የሞተሩ መሪ ደረቱ ላይ ተጋድሟል፤ ግራ እጁ መሪውን እንደያዘ ደርቋል። በለጠች የግራ አውራ ጣቱን ቀና አድርጋ አየችው። የጣቱ ጫፍ ተልጦ ሥጋው ይታያል። ጣቱ ያረፈው የክላክሱ ቁልፍ ላይ ነበር።

ቁልፉን ተጫነችው። ድምፅ የለም። የፊት መብራቱን ሞከረች፤ በራ።

«ባትሪው ደህና ነው። እስቲ መቀመጫውን አንሣው።»

ዒብራሂም መቀመጫውን ሲያነሣ የክላክሱ ሽቦ ከመሰኪያው ወጥቶ ተንጠልጥሎ ታየ። አልተበጠሰም፣ አልተቆረጠም። መሰኪያው ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መያዣ በጥፍሩ ተጭኖ የነቀለው ሰው አለ።

ከሬሳው ስድስት እርምጃ ርቆ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ወድቋል። በለጠች አነሣችው። ባዶ ነው፤ ክዳኑ ግን ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። ለመክፈት መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ሁለት ጊዜ መታገል ነበረባት።

«እሱ ጠጥቶት ይሆናል» አለ ዒብራሂም።

«በየትኛው እጁ? ደግሞ በውሃ ጥም የሚሞት ሰው ክዳን ገጥሞ፣ ጀሪካን ወርውሮ ይተኛል?»

ሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ሐኪም ወረቀቱን ሰጣት። «ውድቀቱ አልገደለውም» አላት። «እግሩ ተቀጥቅጧል፣ ደምም ፈሶታል፤ ግን ቀስ እያለ ነው። የገደለው ሙቀትና ውሃ ጥም ነው። ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይቷል። አብዛኛውን ጊዜ አእምሮውን የሳተም አይመስለኝም።»

ግሩም የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነበር። ከአሸዋው ወንዝ ዳር ባለው ግቢው ስምንት ባለ አራት ጎማ ሞተሮች አሉት፤ ለእንግዳ ያከራያል፣ በሰንበት ደግሞ ከቅርብ ሰዎቹ ጋር ራሱ ይነዳል። መንገዱን «ዙር» ይሉታል። ከግቢው ይነሣል፣ በሸለቆው ሽቅብ ይወጣል፣ ቀይ ገደልን ያልፋል፣ ሐርላ ካለው የጥንት ፍርስራሽ አጠገብ ከአንድ ግራር ሥር ያርፋል፤ ከዚያ በሌላ ሸለቆ ወርዶ ከተማ ይገባል። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሸለቆው አቧራ እንደ ዱቄት ነጭ ስለሆነና ንፋስም ስለማይገባው፣ ነጂዎቹ በመካከላቸው አሥር አሥር ደቂቃ እየተዉ ይነሣሉ። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚነሣ የሚወስነው ግሩም ነበር። አንድ ሕግም ነበረው፤ ወደ ኋላ የቀረን ማንም አይጠብቅም። «የተንጠባጠበ የጅብ ነው» ይል ነበር እየሳቀ።

በዚያ እሑድ ከእሱ ጋር የወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሚስቱ ሶፊ፣ መካኒኩ ዐብዲሻኩር፣ እና ነህምያ የሚባል የኢንዱስትሪ ፓርክ ኤሌክትሪሺያን። ግሩም አንድ ሰዓት ላይ ተነሣ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዐብዲሻኩር፣ ከዚያ ሶፊ፣ በመጨረሻ ነህምያ።

በለጠች መጀመሪያ የሄደችው ሶፊ ዘንድ ነው። ለቅሶ ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ሶፊ ግን ጓዳ ለብቻዋ ተቀምጣ ነበር። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። እጅጌዋ ሲሰበሰብ ክንዷ ላይ የቆየ ቢጫ በልዝ ታየ።

«ባልሽ ግራሩ ሥር ሲጠፋ ለምን አልፈለጋችሁትም?»

«ልማዱ ነው። ሳይጠብቀን ይሄድና ማታ ይስቅብናል። ወይ ዋሂል መንደር ጓደኞች አሉት፣ እዚያ ይውላል።»

«በቀይ ገደል ስታልፊ ምን ሰማሽ?»

«ሞተር ላይ ሆኖ ምን ይሰማል?» አለች ሶፊ፤ መልሱ ቸኮለ።

«ከግሩም በፊት ባል ነበረሽ።»

ሶፊ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። «ሲሞን ይባላል። እዚያው ዙር ላይ ነው የሞተው። ሁለት ዓመት ሆነው። ነህምያ ወንድሙ ነው።»

«ሲሞን ሲሞት አብሮት ማን ነበር?»

«ግሩም። ዐብዲሻኩርም ነበር። ወድቆ ወዲያው ሞተ ብለው ነው ያመጡልን።»

በለጠች ልትሄድ ስትነሣ ሶፊን ስልኳን እንድታሳያት ጠየቀቻት። ግራሩ ሥር የተነሡት ፎቶ ነበረ፤ ሶፊ ስልኩን ሞተር ላይ አቁማ ሦስቱንም ያነሣችበት። ሦስት ሰዓት ላይ ይላል። በለጠች ፎቶውን ወደ ራሷ ስልክ አስላከች።

ነህምያ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ጣቢያ ሲመጣ የሥራ ልብሱን አላወለቀም።

«የመጨረሻው አንተ ነበርክ?»

«አዎ። ባለፈው እሑድ ስለቀደምኩት ቅጣት ነው። ዛሬ አቧራ ትበላለህ አለኝ።»

«ቀይ ገደል ላይ ቆምክ?»

«አልቆምኩም።»

«ክላክስ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም» አለ፤ ግን ቀና ብሎ አላያትም።

ዐብዲሻኩር ግን ቀና ብሎ ነበር የሚያወራው። ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ እጁ ጥቁር ዘይት የጠገበ፣ ረጋ ያለ ሰው። በለጠች ጋራዥ ስትደርስ የከፈታቸውን የዘይት ጣሳዎች እየከደነ አንድ በአንድ ደረደራቸውና አግዳሚ አቀረበላት።

«ኢንስፔክተር፣ ወላሂ የማውቀውን ልንገርሽ። ከእሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ ያለፍኩት። ያኔ ምንም አልሰማሁም። ዳገቱን ወጥቼ ሜዳው ላይ ብሎን ላልቶብኝ ዘወር ብዬ ቆምኩ። ሶፊም ነህምያም ሲያልፉ አየኋቸው፤ እነሱ አላዩኝም። ለዚህ ነው ግራሩ ጋ መጨረሻ የደረስኩት።»

«ከግሩም ጋር ተስማምታችሁ ነበር?»

«አቦ፣ ከእሱ ጋር ማን ተስማማ? ግን የአሥራ አምስት ዓመት ጌታዬ ነው።»

ከሰዓት በኋላ በለጠችና ዒብራሂም ከሸለቆው ማዶ ካለው ጎጆአቸው አዴ ዲሪዬን አገኟቸው። ዒብራሂም በኦሮምኛ እየጠየቀ ያስተረጉማል። ሴትዮዋ እሑድ ጠዋት ከሸንተረሩ ጀርባ ፍየል ይጠብቁ ነበር፤ ሸለቆው አይታያቸውም፣ ድምፁ ግን ይሰማቸዋል።

«አንድ ሞተር መጣ፣ የወደቀ ነገር ሰማሁ፣ ከዚያ ያ ነገር መጮህ ጀመረ ነው የሚሉት» አለ ዒብራሂም። «ከዚያ በኋላ ሦስት ሞተሮች አለፉ። በሁለቱ ጊዜ ይጮህ ነበር። የመጨረሻው ሊሄድ ሲል ጩኸቱ ቆመ። የከተማ ሰዎች ሁሌም ፍየሎቼን በክላክስ ያስበረግጋሉ፣ ጨዋታ መስሎኝ ነው አልሄድኩም ይላሉ።»

ሳጅኑ ለራሱ ሲቆጥር ፊቱ በራ። የመጨረሻው ነህምያ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነው። የሟቹ የሲሞን ወንድም ነው። አዛዡ ይህን ሲሰማ ሌላ አልጠየቀም፤ ነህምያ በዚያው ቀን ተያዘ። እናቱ ወይዘሮ ይርገዱ ጣቢያው በር ላይ መሬት ቁጭ ብለው፣ «አንዱን ወሰዳችሁ፤ ይሄኛውን ተዉልኝ» እያሉ ቢለምኑ የሚመልስላቸው አጡ። አንድ ዘበኛ ጥላዬን ያዙብኝ ብሎ ከግንቡ ሥር አስነሣቸው።

በለጠች ያን የግራሩን ፎቶ ደጋግማ ስታይ አመሸች። ማክሰኞ ጠዋት ዒብራሂምን ቀሰቀሰችና አዴ ዲሪዬ ዘንድ ይዛው ተመለሰች።

«ስንት ሞተር እንዳለፈ አትጠይቃቸው» አለችው። «ድምፁን በተራ በተራ በአፋቸው ያሰሙኝ በላቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

ባልቴቷ መጀመሪያ አፍረው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሩቅ የሚመጣ ሞተር፣ ግጭት፣ ከዚያ ጩኸት። ከሩቅ ሌላ ሞተር መጣ፤ ቀረበ፤ ጠፋ፤ ድምፁን ባልቴቷ በእጃቸው እንደ መብራት አጠፉት። ጩኸቱ ቀጠለ። ሌላ ሞተር ከሩቅ መጥቶ አለፈ። ሌላም ከሩቅ መጥቶ አለፈ። ጩኸቱ ጥቂት ቆየና ተቋረጠ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ባልቴቷ በጉሮሯቸው አንድ ሞተር አስነሡ፤ ከሩቅ አልነበረም፣ ከአፍንጫቸው ሥር ነበር።

«ይሄ የመጨረሻው ከታች አልመጣም?»

ዒብራሂም ጠየቀና ወደ እሷ ዞረ። «አልመጣም ይላሉ። እዚያው ተኝቶ ነበር፣ እዚያው ነው የነቃው።»

በለጠች ልትነሣ ስትል ባልቴቷ አንድ ነገር ጨመሩ።

«ምን አሉ?»

«ከሁለት ክረምት በፊትም እንዲሁ ጮኾ ነበር አሉ። እዚያው ቦታ። ያም እየጮኸ ቆይቶ ድንገት ቆመ።»

በለጠች የታመመ ጉልበቷን በእጇ ይዛ ተቀመጠች። የሲሞንን መዝገብ ሌሊቱን አንብባው ነበር። ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል፤ ወድቆ ወዲያው ሞተ ይላል።

ረፋድ ላይ ሁሉንም ግሩም ግቢ ውስጥ፣ ከትልቁ የኒም ዛፍ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሶፊ በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ዐብዲሻኩር በተገለበጠ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ነህምያ ካቴናው ሳይፈታለት ቆሞ ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ ልጃቸው አጠገብ ሆነው ክንዱን ይዘዋል። ሞተሮቹ በሰልፍ ቆመዋል፤ የግሩም ቦታ ባዶ ነው።

«ግሩምን ገደል ውስጥ የጣለው የለም» አለች በለጠች። «ራሱ ወደቀ። ከወደቀ በኋላ ግን በሕይወት ነበር፤ አጠገቡ ውሃ ነበረው፣ ክላክስ ነበረው፣ ከኋላው ደግሞ ሦስት ሰዎች ይመጡ ነበር። መትረፍ ነበረበት። አንድ ሰው ወርዶ ክላክሱን ነቀለበት፤ ውሃውን ደፋበት፤ ባዶውን ጀሪካን ክዳኑን አጥብቆ ዘጋና ጣለው። ከዚያ ትቶት ሄደ። ግሩም ከዚያ በኋላ ስድስት ሰዓት ኖረ።»

ሶፊ ከንፈሯን ነከሰች።

«ምስክሯ ሦስት ሞተር አለፈ፣ ጩኸቱ የቆመው በመጨረሻው ጊዜ ነው አሉ። የመጨረሻው ነህምያ ነው ተባለ፤ አሰርነው። ተሳስተን ነበር። የመጨረሻው ሞተር ከከተማ በኩል አልመጣም። ቀድሞ መጥቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቀይ ገደል አጠገብ ባለው ስርጥ ውስጥ ተደብቆ ሁለቱ እስኪያልፉ የጠበቀ ነው። ሁለቱ ሶፊና ነህምያ ናቸው። ቀድሟቸው የመጣው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዐብዲሻኩር አልተንቀሳቀሰም። «ባልቴት ናቸው ኢንስፔክተር። ፍየል እየጠበቁ የሰሙትን...»

«እሺ፣ ባልቴቷን እንተዋቸው።» ስልኳን አውጥታ ወደ እሱ ዘረጋች። «ይሄ እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ግራሩ ሥር ነው። የሶፊን ፊት እይ፤ ትንሽ አቧራ አለባት። ነህምያ ከእሷ ኋላ ስለነበር ይብስበታል። አንተ ግን ከወፍጮ ቤት የወጣህ ነው የምትመስለው፤ ሽፋሽፍትህ ሳይቀር ነጭ ነው። ሸለቆውን ሁለተኛ ሆኖ ያለፈ ሰው የአንድ ሞተር አቧራ ነው የሚበላው። አንተ የሦስት በልተሃል።»

«ብሎን ሳጠብቅ መሬት ተኝቼ ነበር።»

«ሜዳው ላይ? እዚያ አፈሩ ቀይ ነው። እሱን ለብሰህ ብትመጣ ኖሮ እመንህ ነበር።»

ከአጥሩ ውጭ አንድ ባጃጅ እየተንኳኳ አለፈ።

«ለምን እንደሆነ የገባኝ ዛሬ ጠዋት ነው» አለች በለጠች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ምስክሯ ከሁለት ዓመት በፊትም አንድ ክላክስ እዚያው ጮኾ ድንገት ሲቆም ሰምተዋል። ያን ቀን እዚያ የነበሩት ሦስት ናቸው። ሲሞን ሞተ። አሁን ግሩምም ሞተ። የቀረኸው አንተ ነህ፤ ክላክስ እንዴት እንደሚነቀል የሚያውቀው እጅም ያንተ ነው።»

ወይዘሮ ይርገዱ የነህምያን ክንድ ለቀቁት። «የሲሞን ክላክስ?» አሉ።

ዐብዲሻኩር ሁለት እጆቹን ገልብጦ መዳፎቹን አያቸው። ሲናገር ለኢንስፔክተሯ ሳይሆን ለሴትዮዋ ነበር።

«ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ይናገር ነበር፣ ይለምን ነበር። እኔ ገመድ ላመጣ ስል ግሩም ያዘኝ። ፍሬኑን የሠራኸው አንተ ነህ፤ ቢተርፍ ትታሰራለህ አለኝ። ፍሬኑ ምንም አልነበረውም። ሶፊን ፈልጎ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። ውረድና ያን ክላክስ ዝም አሰኘው አለኝ።» ወደ ሞተሮቹ ዞረ። «ወረድኩ። ዝም አሰኘሁት።»

ዐብዲሻኩር መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ጠረገ።

«ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጫወተብኝ። እዚህ ግቢ፣ በሰው ፊት፣ በልጆቼ ፊት፣ ክላክሱን አንዴ ጢጥ ያደርግና ያየኛል። እደነግጣለሁ፤ ይስቃል። ልጆቼ እየሳቁ ክላክስ ሲሰማ የሚደነግጥ አባት ይሉኛል። እሑድ ዕለት ገደሉ ጫፍ ስደርስ ከታች ሲያየኝ ምን አለ መሰለሽ? አንተ አህያ፣ ቶሎ ውረድ አለኝ።»

«ለምን ተደበቅህ?» አለች በለጠች።

«ሌሎቹ ይቆሙ እንደሆን ብዬ። ወላሂ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢቆም ኖሮ መጀመሪያ ሮጬ የማነሣው እኔ ነበርኩ። ለአላህ ተውኩት። ሶፊ መጣች፤ አለፈች። ነህምያ መጣ፤ አለፈ። ከዚያ ወረድኩ።» ራሱን ነቀነቀ። «ውሃውን ስደፋ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ስድብ ጠፋበት።»

ዒብራሂም ካቴናውን ከነህምያ እጅ ፈታና ለዐብዲሻኩር አጠለቀው። ዐብዲሻኩር እጁን ራሱ አመቻቸለት።

በለጠች ወደ ሶፊ ዞረች። «ሰምተሽ ነበር።»

ሶፊ ባዶውን የግሩምን ቦታ እያየች መለሰች። «የእሱ እንደሆነ አውቄአለሁ። አንዴ ሲጠጣ ሲሞን ሊሞት ሲል ስምሽን ይጠራ ነበር አለኝና ሳቀ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።» እጅጌዋን ሰበሰበች። «እሑድ ክላክሱን ስሰማ ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ እመለሳለሁ አልኩ። መታጠፊያው መጣ። የሚቀጥለው ላይ አልኩ።»

«ወድቆ የሚጮህን ሰው ትቶ መሄድ በሕግ ያስጠይቃል» አለች በለጠች። «ሁለታችሁም ቃል ትሰጣላችሁ። ቅጣቱ ከባድ አይደለም። እኔም አላከብደውም።»

ወይዘሮ ይርገዱ ይህን ሁሉ የሰሙ አይመስሉም ነበር። ዐብዲሻኩር ፊት ሄደው ቆሙ።

«ልጄ ስንት ሰዓት ቆየ?»

«ተዪው እናቴ።»

«ስንት ሰዓት?»

ዐብዲሻኩር በለጠችን አየ፤ እሷም አልረዳችውም። «ሰው ጠርተን ተመልሰን ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር» አለ። «ያኔም ጣቱ ይንቀሳቀስ ነበር። ግሩም ሌሎቹን አዘግይቶ ብቻውን ቀድሞ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ፤ የቀበሌ ሠራተኛ የነገረውን አድራሻ እንደሚይዝ ሰው። ከዚያ ዞረው ነህምያን አዩት። ልጁ የካቴናው ምልክት ያለበትን እጁን እያሸ ወደ እሳቸው መጣ።

«እማዬ፣ እንሂድ።»

«አንተስ ሰምተኸው ነበር?»

ነህምያ ቆመ። «የእሱ መሆኑን አውቄ ነው ያለፍኩት። የሆነ ነገር እንዳደረገ ሁሌም እጠረጥር ነበር። ለሲሞን ብዬ ነው እማዬ።»

«ለሲሞን» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። «ሲሞን እንዲህ ሲጠራ የሚቆምለት አጥቶ ነው የሞተው። አንተም ሳትቆም አለፍክ።»

«እሱ እኮ ገዳይ ነው!»

«አንተ ያኔ ይሄን አታውቅም ነበር።»

ነህምያ ወደ እሳቸው ተጠጋ። እጁን ወደ ክንዳቸው ሲዘረጋ ክንዳቸውን ወደ ነጠላቸው ሥር ሰበሰቡት። በሩን ከፍተው ወጡ። በለጠች እስከ በሩ ተከተለቻቸው።

አሸዋው ወንዝ ዳር ፀሐዩ ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ወይዘሮ ይርገዱ እጃቸውን አንሥተው ወደ ቀፊራ ገበያ የሚወርድ ባጃጅ አስቆሙ። ነህምያ እየሮጠ ደረሰና ከበስተኋላቸው ቆመ። ሾፌሩ ሁለቱንም አየና መቀመጫውን በጨርቅ ጠረገ።

«ሁለት ናችሁ እናቴ?»

«አንድ ነኝ» አሉና ገቡ።